የጋጣ ጭቃ ጠጠር በመድፋት አይወገድም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በፈረስ ጋጣ ዙሪያ ስለሚተኛ ውሃ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ፈረስ በሚያረቡና በሚጋልቡ ሰዎች ዘንድ እየተዘዋወረ ነው። ጸሐፊው ርእሱን ማንሳታቸው ደግ አደረጉ። ስለ መኖና ስለ ኮርቻ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ፈረሱ ሌት ተቀን የሚቆምበት መሬት ግን ጠያቂ የለውም። ሆኖም ከሰጧቸው ምክሮች የሚበዙት ገንዘብ አስጨርሰው ጭቃውን ለአንድ ክረምት ብቻ የሚሸፍኑ ናቸው። አንዱ ምክር ደግሞ ፈረሱን በቀጥታ የሚጎዳ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። ጭቃ የክረምት ጣጣ ነው፣ ፈረስም ይለምደዋል ይላል። ማጥ በሆነው ቦታ ላይ ጠጠርና አሸዋ በብዛት መድፋት ይበቃል ይላል። ለጋጣ አሸንዳ መግጠም ቅንጦት እንደሆነ፣ በምትኩ በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ጥልቅና ጠባብ ቦይ ቆፍሮ ባለቀዳዳ ቱቦ መቅበር ችግሩን ከሥሩ እንደሚነቅለው ይናገራል። የተሰበሰበው ውሃ በአቅራቢያ ወዳለ ወንዝ ወይም ዝቅ ወዳለ ቦታ እንዲለቀቅ፣ ወለሉ ሊሾ እንዲሆን፣ እርጥበቱ አልለቅ ካለ ደግሞ ኖራ እንዲነሰነስበት ይመክራል።

እነዚህን ምክሮች ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሥራቸውን የሚጀምሩት ውሃው ጋጣው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ነው። እኔ የምለያየውም እዚህ ላይ ነው። ከጣሪያ የሚወርደውና ከሽቅብ የሚመጣው የዝናብ ውሃ ፋንድያና ሽንት እስኪነካው ድረስ ያን ያህል የሚያስቸግር ውሃ አይደለም፤ ወደፈለግንበት ብንመራው ማንንም አይጎዳም። ከፋንድያው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ግን ብዛቱም ቆሻሻነቱም የእኛ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ መሠራት ያለበት ንጹሑን ውሃ ከቆሻሻው ጋር ሳይገናኝ መንገድ ማስቀየር ነው። ጠጠሩም ቱቦውም ተራቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ፈረስ ጭቃ ይለምዳል ከሚለው ልጀምር። አይለምድም። ኮቴ ውሃ ውስጥ ሲሰነብት ይለሰልሳል፣ ሚስማር መያዝ ያቅተዋል፣ ማጡም ጫማውን መጦ ያስቀረዋል። በኮቴው ሥር ያለው ባለሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ከግራና ከቀኙ ስርጉዳት አለው። እዚያ ውስጥ ጭቃና ፋንድያ ሲታሸግ አየር አይገባም፤ አየር በሌለበት የሚራቡት ባክቴሪያዎች ደግሞ ሥራቸውን ይጀምራሉ። ኮቴውን አንስቶ የሚጠርግ ሰው ጥቁር ዝቃጩንና አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ግማት ያውቀዋል። ከኮቴው ከፍ ብሎ ባለው ቆዳ ላይ ደግሞ ደርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ የሚባለው ባክቴሪያ ይነሳል። ይህ ባክቴሪያ ቆዳ ረጥቦ ሲሰነብትና ሲላላጥ ነው የሚያጠቃው፤ ፀጉሩን እያጣበቀ ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱ ሲነሳም ሥሩ ቀይ ቁስል ነው። በየቀኑ ጭቃ ውስጥ የሚቆምን እግር መድኃኒት ብቻውን አያድነውም።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ጉዳት አለ፤ እንቅልፍ። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ዓይነት የሚያገኘው ግን ጋደም ብሎ ብቻ ነው። መሬቱ ርጥብና የሚያሰምጥ ከሆነ ደግሞ አይተኛም፣ ይቆማል። እንዲህ እየቆመ የሰነበተ ፈረስ ቆሞ ሲያንቀላፋ በድንገት የፊት ጉልበቱ ይከዳዋል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጠባሳ በፊት እግሩ አንጓ ላይ ያያችሁበት ፈረስ ካለ ማታ የሚያድርበትን ወለል እዩለት።

ነፍሳቱም አሉ። ሞቅ ባለ አየር የወባ ትንኝና የዘመዶቿ እንቁላል በተኛ ውሃ ላይ ከ7 እስከ 10 ባሉ ቀናት ውስጥ የሚበር ትንኝ ይሆናል። ኩሊኮይድስ የሚባሉት በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ተናካሾች ደግሞ የሚራቡት በትክክል ጋጣ ደጃፍ በሚገኘው ዓይነት ቦታ፣ ማለትም ፋንድያ በተቀላቀለበት ርጥብ አፈር ውስጥ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተባለውን ገዳይ ሕመም ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያዛምቱት እነዚህ ናቸው። በሽታው ባለበት አገር ክትባቱ ግድ ነው፤ ከደጃፍ ያለውን መራቢያቸውን ማድረቅም ከክትባቱ ጎን መሠራት ያለበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አሸንዳ ቅንጦት ነው ወደተባለው። ጸሐፊው ስለ ጣሪያ ውሃ አንድ አንቀጽ ብቻ ሰጥተው ማለፋቸው በጽሑፉ ውስጥ ትልቁ ጉድለት ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 12 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ ጣሪያ 360 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 20 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ደህና ዝናብ በዚህ ጣሪያ ላይ 7,200 ሊትር ያወርዳል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ቢቆጠር 36 በርሜል ነው። ጣሪያው በሁለት በኩል ያዘቀዘቀ ከሆነ በእያንዳንዱ የግድግዳ ሜትር ሥር 120 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው፤ ያውም ፈረሶቹ በሚወጡበትና በሚገቡበት፣ በየቀኑ በሚረግጡት መስመር ላይ። ይህን ሁሉ ውሃ በነጻ እያወረዱ ሥሩ ላይ ጠጠር መድፋት ምን ይባላል?

አሸንዳ የሌለው ጋጣ ሥር ሄዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከክዳኑ ጠርዝ ትክክል መሬቱ ላይ በገመድ የተለካ የሚመስል ቀጭን ስርጉድ ታገኛላችሁ፤ ጠፈጠፉ የቆፈረው ነው። ለም አፈሩ ታጥቦ ሄዶ ደቃቅ ጠጠር ብቻ ቀርቶበታል። ግድግዳው ላይ የጭቃው ፍንጣቂ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ የጣውላው የታችኛው ጫፍ ጠቁሯል፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ውሃው ከዚያ ስርጉድ ተነስቶ በቋሚዎቹ ሥር ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የውስጡ ጉዝጓዝ በማግስቱ የሚረጥበው ከፈረሱ ሽንት ብቻ የሚመስለው ሰው ድርቆሽና ሳጋቱራ እየጨመረ ይደክማል።

ጸሐፊው በአሸንዳ ላይ ያቀረቧቸው ሁለት ምክንያቶች፣ በቅጠል ይደፈናል፣ ፈረስም ይሰብረዋል የሚሉት፣ እውነትነት አላቸው። መልስ ግን አላቸው። ፈረስ የሚደርሰው አሸንዳው ላይ ሳይሆን ወደታች በሚወርደው ቱቦ ላይ ነው፤ እሱን ፈረስ በማይቆምበት ማእዘን ማውረድ ወይም እስከ ፈረሱ ራስ ከፍታ ድረስ በጠንካራ ብረት መሸፈን ይቻላል። ቅጠሉን ከዝናቡ ወራት በፊትና በመሃል መሰላል ዘርግቶ መጥረግ ነው። ዛፍ ከላይ የተጋረደበት ወይም በረዶ የሚከመርበት ጣሪያ ከሆነና አሸንዳ በእርግጥ የማያዛልቅ ከሆነ፣ ከጠፈጠፉ ትክክል መሬት ውስጥ ጠጠር የተሞላ ቦይ ሠርቶ ከሥሩ ቱቦ ማስቀመጥ ይሆናል። ጸሐፊው የሚወዱት ባለቀዳዳ ቱቦ ትክክለኛ ቦታው ይኼ ነው፤ የሚገባበት የጣሪያ ውሃ ንጹሕ ስለሆነ ቶሎ አይደፈንም። በሁለቱም መንገድ ግን ውሃው የሚሄድበት ማብቂያ ያስፈልገዋል። አሸንዳ ገጥሞ መውረጃውን ግድግዳው ሥር መተው 30 ሜትር ላይ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ አንድ ነጥብ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ከድሮውም ይብሳል። ከመውረጃው በኋላ ቀዳዳ የሌለው ቱቦ አያይዞ ከጋጣውም ከግቢው መተላለፊያም አርቆ ሣር ላይ መልቀቅ፣ ወይም ማጠራቀሚያ ታንከር ውስጥ ማስገባት ይገባል። ታንከሩ ሲሞላ የሚተርፈው ውሃም እንደዚሁ መንገድ ይሠራለት።

ጠጠርና አሸዋ መድፋት ይበቃል ለሚለው የምሰጠው መልስ ዘለግ ይላል፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው፣ ብዙ ገንዘብ የሚሰምጠውም እዚሁ ነው። ቃሉን በቀጥታ ትርጉሙ ነው የተጠቀምኩት፤ ጠጠሩ ይሰምጣል። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ የሚያርፈው በሁለቱ የፊት እግሮቹ ላይ ነው። ያ ክብደት የተቦካ መሬት ላይ የተበተነን ጠጠር በየእርምጃው ወደ ታች ይገፋዋል፣ ከሥር ያለው ለስላሳ ጭቃ ደግሞ በጠጠሮቹ መሃል ሽቅብ ይተፋል። ከአንድ ክረምት በኋላ ላዩ ተመልሶ ጭቃ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ አካፋ ይዞ የሚቆፍር ሰው ክንድ በሚያህል ጭቃ ሥር ያምናውን ጠጠር፣ ከእሱም ሥር ያቻምናውን ያገኛል።

ጠጠር ሥራ የሚሠራው ሥርዓቱን ጠብቆ ሲገባ ነው። መጀመሪያ የተቦካው ጭቃና ፋንድያ የጠጣው የላይኛው አፈር 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጠርጎ ይውጣ። ፋንድያ፣ የወደቀ ድርቆሽና የበሰበሰ ጉዝጓዝ ውሃ የሚይዙ ነገሮች ናቸው፤ እነሱ ሥር እያሉ ምንም ቢደፋባቸው አይደርቅም። ከዚያ መሬቱ ከጋጣው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይስተካከል። በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ከዚያ በኋላ በ100 ሜትር 2 ሜትር ያህል ቢያዘቀዝቅም ይበቃል። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ሲባጎ ወጥሮ በውሃ ልክ ወይም ውሃ በሞላ ጥርት ያለ ላስቲክ መለካት ነው። በተስተካከለው መሬት ላይ ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ መሰል ንጣፍ ይነጠፋል። የዚህ ንጣፍ ሥራ ውሃውን አሳልፎ ጭቃውንና ጠጠሩን ለያይቶ ማቆየት ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ እንኳ አለመነሳቱ አስገርሞኛል። በላዩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የተፈጨ፣ ጠርዝ ያለው ጠጠር፣ ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ የድንጋይ ፍጭ ይደረግና ይጠቀጠቃል። የወንዝ ድንጋይ አይሆንም። ክብ ድንጋይ እርስ በርሱ አይቆላለፍም፤ ከኮቴ ሥር ይንከባለላል፣ ፈረስንም ያሰናክላል።

ጠቅላላውን ግቢ እንዲህ ማድረግ አያስፈልግም፣ አቅምም አይፈቅድም። ጋጣው በር ላይ፣ የግቢው መዝጊያ ላይ፣ ውሃ መጠጫውና መኖ መስጫው ዙሪያ ከተሠራ ጭቃው ከሚወለድበት ቦታ አብዛኛው ተሸፈነ ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከዚህ የረከሰ መፍትሔ አለ። መዝጊያው በግቢው ዝቅተኛ ጥግ ላይ ከሆነ ነቅሎ ከፍ ወዳለው ጥግ መውሰድ ብቻውን የሚያስገርም ለውጥ ያመጣል።

አሸዋውን በተመለከተ ጸሐፊው ሳያስቡት የጠቆሙት አደጋ አለ። ፈረስ ድርቆሹን ከመሬት ለቅሞ ሲበላ አሸዋም አብሮ ይውጣል። አሸዋው በትልቁ አንጀት ውስጥ ወለሉ ላይ እየዘቀጠ ይከማቻል፤ አንጀቱን ይፍቃል፣ ሲበዛም ይዘጋዋል። የአሸዋ ቁርጠት ብዙ ፈረስ የገደለ ነገር ነው። መኖ በሚሰጥበት አካባቢ አሸዋ መድፋት ስለዚህ የጭቃን ችግር በሆድ ችግር መለወጥ ነው። ለመጋለቢያ ሜዳ የሚነጠፈው አሸዋ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ፈረስ አይበላም።

በግድግዳው ሥር ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ቱቦ መቅበር ወደሚለው ስመጣ ጸሐፊው አንድ መሣሪያ ለሁሉም ሥራ ማዋላቸውን አያለሁ። በጠጠር የተከበበ ባለቀዳዳ ቱቦ የተፈጠረው መሬት ውስጥ ያለውን ውሃ ለመሳብ ነው። ከሥር ምንጭ በሚያወጣ ወይም ከሽቅብ በኩል በአፈር ውስጥ ውሃ በሚሰርግበት ቦታ ድንቅ ሥራ ይሠራል። በመሬት ላይ የሚፈስን፣ ፋንድያ፣ ድርቆሽና ደቃቅ ጭቃ የተሸከመን ውሃ ግን አይችለውም። ያ ደቃቅ ነገር ጠጠሩ መሃል እየገባ ይሞላዋል፣ ከዚያ ቦዩ ከላይ ጠጠር የሚታይበት ከውስጥ ግን የታሸገ ጉድጓድ ይሆናል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ውሃ በዋልካ ውስጥ እጅግ በዝግታ ስለሚሄድ ከቱቦው ሁለት ሜትር ርቆ የተኛ ኩሬ ቱቦው መኖሩንም አያውቅም።

ቱቦው በትክክለኛ ቦታው ሲቀበር እንኳ ተዳፋት ይፈልጋል፤ በ1 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል። ለ30 ሜትር ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ማለት ነው፤ ከመጨረሻውም ወዲያ ውሃው ወደ አየር የሚወጣበት ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ መኖር አለበት። መውጫ የሌለው ቱቦ መሬት ውስጥ የተቀበረ ገንዳ ነው። መውጫ ከሌለ ጉድጓድ ቆፍሮ በድንጋይ ሞልቶ እዚያ ማስጠጣት ይቻላል የሚሉም አሉ፤ ጸሐፊውም በጨረፍታ ያነሱታል። ይህን ከመቆፈር በፊት ቀላል ፍተሻ አለ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት፤ ሲጠጣ ደግማችሁ ሙሉትና አድራችሁ እዩት። በማግስቱ ውሃው እዚያው ካለ ትልቁም ጉድጓድ ከዚህ የተለየ አይሆንም።

ጥልቅና ጠባብ የሚለው ልክ ደግሞ ለብቻው የሚያሰጋኝ ነው። ክፍት ሆኖ ከቆየ ለፈረስ እግር ወጥመድ ነው፤ በጨለማ ደንግጦ የሚሮጥ ፈረስ አንድ እግሩ እዚያ ቢገባ መትረፉ ያጠራጥራል። ጥልቅ ቁፋሮ ለግድግዳው መሠረት ተጠግቶ መደረጉም መሠረቱን ያላላል። በጋጣው ሽቅብ በኩል የሚያስፈልገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የለበሰ የጎርፍ ማስቀየሻ። ከጋጣው ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብሎ ተዳፋቱን አግድም ይቆርጣል፤ በ100 ሜትር ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ብቻ እያዘቀዘቀ ውሃውን ወደ ጎን ይመራል፤ ጎኖቹ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ጥልቀት 3 ሜትር ያህል ተንጋለው ስለሚሠሩ ፈረስም ሰውም ሳይሰናከል ይሻገረዋል። ተዳፋቱ ከዚህ ከበዛ ውሃው ራሱ ይቦረቡረዋል። ሥራው በዶማና በአካፋ የሚያልቅ ነው፤ ቱቦም ጠጠርም አይገዛለትም። ከሽቅብ የሚመጣውን ጎርፍ እንዲህ አስቀይሮ፣ ከጣሪያ የሚወርደውን በአሸንዳ ይዞ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧና የሚተርፈውን የውሃ ገንዳ አስተካክሎ አንድ ክረምት ያየ ሰው የቀረው ርጥበት የት እንደሆነ በግልጽ ይታየዋል። ቱቦ የሚቀበረው ያኔ ነው፣ የሚቀበርም ካለ። ቧንቧውን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም፤ በበጋ የማይደርቅ ጭቃ ካለ ዝናብን ከመውቀስ በፊት ገንዳውን ማየት ይሻላል።

የተሰበሰበውን ውሃ ወደ ወንዝ መልቀቅ የሚለውን በፍጹም አልቀበለውም። ንጹሑ የጣሪያ ውሃ ይሂድ፤ ጸሐፊው የሚያወሩት ግን ግቢውን አጥቦ ስለሚወጣው ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ፋንድያና ሽንቱ አንድ ላይ 22 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በዓመት 8 ቶን። ዝናብ በዚህ ላይ ሲያልፍ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ፣ ተውሳክና ጀርም ይዞ ይወርዳል። ወንዙ ውስጥ አልጌ ይፈላል፣ ናይትሬቱም ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል። ከታች ያለው ሰውም ከብትም ይህንን ይጠጣል። የገዛ ፈረሶቻችንም አያመልጡም፤ የሆድ ትል እንቁላል በፋንድያ ውስጥ ተፈልፍሎ እጩ ወደ ሣሩ የሚወጣው በእርጥበት ላይ እየተንፏቀቀ ነው፤ የፋንድያ ጎርፍ የሚያልፍበት ግጦሽ የትል መዝሪያ ይሆናል። የፋንድያው ክምር ከፍ ባለ ቦታ፣ ከውሃ ጉድጓድና ከወንዝ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ቢቻል ተሸፍኖ ይቀመጥ። ከግቢው የሚወጣው ውሃ ደግሞ ጥቅጥቅ ባለ ሰፊ ሣር ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ይደረግ፤ ሣሩ ደለሉን ያስቀርበታል። ያ ሣር ርጥብ ሳለ ፈረስ እንዳይገባበት አጥር ይፈልጋል፤ አለዚያ እሱም ማጥ ይሆናል።

ስለ ሊሾው ብዙ አልልም። ወለሉ ከውጭው መሬት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ከጽሑፉ ሁሉ የወደድኩት ይህ ነው፣ ወለሉ ከምንም ይሠራ ከምን። ልሙጥ ሊሾ ግን ሲረጥብ ጫማ ያደረገ ፈረስ ያንሸራትታል። ኮንክሪት ከሆነ ላዩ በመጥረጊያ ሻካራ ይደረግ፣ በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ መውጫው ያዘቅዝቅ፣ በላዩም የጎማ ምንጣፍና በቂ ጉዝጓዝ ይኑር። ከጋጣው ውጭ ያለውን ግቢ በኮንክሪት መሸፈን ደግሞ ሌላ ጣሪያ እንደመጨመር ነው፤ ያወረደውን ውሃ የሚቀበል ቦታ እንደገና መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው።

የመጨረሻውና ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስነሳኝ የኖራው ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ኖራ ሲል የትኛውን እንደሆነ አይለይም። ተቃጥሎ የወጣው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል። ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነው፣ ለግንባታ የሚውለውም ቢሆን በውሃ ሲረጥብ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይንነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው) ከ12 በላይ ነው፤ የሰው እጅ የሚልጥ ነገር የለሰለሰ ኮቴና የተላላጠ የፈረስ እግር ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ዱቄቱ ሲቦን ዓይንና ሳንባ ይገባል። ውርንጭላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜውን ተኝቶ የሚያሳልፍ፣ አፍንጫው ከወለሉ የማይርቅ ፍጡር ነው።

ሽታውንም ያጠፋል መባሉ የተገላቢጦሽ ነው። በሽንት በራሰ ወለል ላይ ያለው አሞኒየም ወደ አሞኒያ ጋዝ የሚለወጠው አካባቢው ይበልጥ አልካላይን ሲሆን ነው፤ ኖራ የሚያደርገው ደግሞ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ኖራ የተነሰነሰበት ርጥብ ጋጣ ለሳንባ ከበፊቱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ለእርሻ የሚበተነው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከእነዚህ የለዘበ ነው፤ ቢሆንም ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ትንሽ ነው፣ ርጥብ ወለልን አያደርቅም። የረጠበውን ጉዝጓዝ በየቀኑ ማውጣት፣ ወለሉን ማናፈስ፣ ሽታው ካስቸገረ አሞኒየምን ይዞ የሚያስቀረውን ዜኦላይት የተባለ ማዕድን ከጉዝጓዙ ሥር መነስነስ ይሻላል።

ጸሐፊው በአሸንዳውና በቱቦው ጉዳይ ቢከራከሩኝ ደስ ይለኛል፤ የእያንዳንዱ ጋጣ መሬት የተለያየ ስለሆነ እሳቸው ያዩትና እኔ ያላየሁት ሊኖር ይችላል። የኖራውን ምክር ግን በግልጽ እንዲያነሱት እጠይቃቸዋለሁ። ጽሑፉን አንብቦ የነሰነሰ ሰው ካለ ደግሞ ፈረሱን ዛሬውኑ ከዚያ ያውጣው። እግሩ ላይ የቀረውን ዱቄት በቅድሚያ በደረቁ በብሩሽ ያራግፍለት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ይጠበው፤ ዓይኑ ከቀላ ወይም ካለቀሰ ቶሎ በንጹሕ ውሃ እያጠበ የእንስሳት ሐኪም ይጥራ። ወለሉ ላይ ያለው ጉዝጓዝ በሙሉ ተጠርጎ ሳይወጣ ፈረሱን መልሶ አያስገባው።